የተገመጡ ዳቦዎች

አያቴን ሰው ቀድሞን ወልውሎት አገኘነው። በየዓመቱ ግንቦት ሲገባ፣ በጦርነቱ የሞቱት በሚታሰቡበት ቀን፣ እናቴን ይዤ ታሽኬንት መሀል ወዳለው የመታሰቢያ አደባባይ እሄዳለሁ። ከሐዘንተኛዋ እናት ሐውልት ፊት ለፊት አምዳቸው ከእንጨት የተጠረበ ረጃጅም በረንዳዎች አሉ፤ ሄደው የቀሩት ወታደሮች ስም የተቀረጸባቸው የናስ መጻሕፍት እዚያ ውስጥ በየክፍለ ሀገሩ ተደርድረዋል፣ ገጻቸውም እንደ መስኮት ይገለጣል። እናቴ ከቤት በያዙት ውሃ የሻሻቸውን ጫፍ ያረጥቡና «ናዛሮቭ ኤርጋሽ» የሚለውን መስመር ብቻ ይወለውላሉ። ከላይና ከታች ያለውን ስም አይነኩም፤ «እነሱም የራሳቸው ሰው አላቸው» ይላሉ። ኤርጋሽ አባታቸው ነው። እናቴ የስድስት ወር ልጅ ሳሉ ዘመተ፣ በዚያው ቀረ። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ የኔ የመጨረሻ ልጅ እንኳ ዛሬ ይበልጠዋል፣ ስለዚህ አንቱ ልለው ብሞክር አንደበቴ እሺ አይለኝም። ዘንድሮ ታዲያ ገጹን ስንገልጥ መስመሩ እርጥብ ነው፣ ያበራል፤ ጠርዙ ላይም አንድ ቀይ አበባ ተሰክቷል። የእናቴ እጅ ሻሹን እንደያዘ አየር ላይ ቀረ።

አምናም እዚያው ቦታ የጠወለገ አበባ አግኝቼ፣ እናቴ ሳያዩ «ተሳስቶ ነው» ብዬ ኪሴ ከትቼው ነበር። ሁለት ዓመት በተከታታይ ግን ማንም አይሳሳትም። እኔ ተጠራጣሪ ነኝ፤ አልደብቅም። ሠላሳ ዓመት ሰው ሠራሽ ጥርስ ስሠራ ኖሬያለሁ፤ ወንበሬ ላይ ከተቀመጠው ያልዋሸኝ የለም። «ትናንት ነው ያመመኝ» ይላል፣ ጥርሱ ከሥሩ ከበሰበሰ ዓመት አልፎታል። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር የሚሉት ለኔ ቀልድ አይደለም። ዙሪያዬን ስቃኝ፣ ከበረንዳው ደረጃ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ አንዲት አሮጊት አንድ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ያሻሉ። ጎናቸው ከአበባ የተረፈ ወረቀት አለ፣ ጭናቸው ላይ የጨርቅ ቦርሳ። የገጠር አለባበስ ነው የለበሱት፤ መነጽራቸው ወፍራም ነው፣ የጆሮ መያዣው በክር ታስሯል። እናቴን ገጹ ጋ ትቼ ሄድኩ።

«እማማ፣ ያንን አበባ ያስቀመጡት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ ልጄ። ስህተት አለው እንዴ? አይፈቀድም?»

«ይፈቀዳል። የማን ስም መስሎዎት ነው?»

«የአባቴ ነዋ። የኤርጋሽ ናዛሮቭ» አሉ፣ ጫማቸውን እያጠለቁ። «ከአንዲጃን ነው የመጣሁት። ኢኖባት እባላለሁ። አንቺስ ልጄ፣ የማን ነሽ?»

«አንዴ ይቅርታ፣ መጣሁ» አልኳቸው። አንዲጃን ከታሽኬንት አንድ ሌሊት የባቡር መንገድ ነው፤ አያቴ ደግሞ እኛ እስከምናውቀው ከዚህ ከተማ ወደ ጦር ሜዳ ሄዷል እንጂ አንዲጃን የሚባል አገር አልረገጠም። መጀመሪያ የመጣልኝ ግን እሱ አልነበረም፤ ቤቱ ነው የመጣልኝ። አሮጌው ከተማ ያለው ሰፈራችን ይፈርሳል የሚል ወሬ ከተነሳ ወዲህ የማናውቀው ዘመድ በዝቶልናል። ባለፈው ክረምት አንዱ ሐብሐብ ተሸክሞ መጥቶ «የአጎታችሁ የልጅ ልጅ ነኝ» ብሎ አምሽቶ፣ ሲወጣ የግቢውን ስፋት በእርምጃው ለክቷል። ቤቱ እስከ ዛሬ በኤርጋሽ ስም ነው ያለው። ለፈረሰበት ሰው ምትክ የሚሰጠው በወራሽ ልክ ነው ይባላል፤ የኤርጋሽ ልጅ ነኝ የሚል ሁሉ ታዲያ ድርሻ አለኝ ማለቱ አይቀርም። ወደ ዛፎቹ ጥላ ራቅ ብዬ ለወንድሜ ለቶሂር ደወልኩ። ቶሂር የመኪና ዕቃ ነጋዴ ነው፤ ከኔም የባሰ ጠርጣሪ ነው። ነገሩን ሳልጨርስ ገባው። «አድራሻ እንዳትሰጫት። ቤቱን እንዳታሳያት። ሻይ እንኳ ቢሆን ውጭ ጋብዣት። እኔ ሱቁን ዘግቼ እስክመጣ አጣሪያት» አለና ዘጋው።

ስመለስ እናቴ እዚያው ወንበር ላይ ከሴትዮዋ ጎን ተቀምጠዋል። ማን ለማን ምን እንዳለ አላውቅም። ሁለቱም ሐውልቱ ፊት ያለውን የማይጠፋ እሳት፣ አበባ የሚያስቀምጠውንም ሰው ሰልፍ ያያሉ። ኢኖባት ቀና ብለው አይተውኝ፣ «ያንቺም አያት ነው አሉኝ» አሉ። ድምፃቸው ተቀይሯል፤ እሳቸውም መጠራጠር ጀምረዋል። በኛ አገር ደግም ይሁን ክፉ፣ ከሩቅ የመጣ ሰው ሲገኝ የሚባለው ነገር አንድ ነው፤ «ቤት እንሂድ» ነው። እናቴ አፋቸውን ሲከፍቱ አየሁና ቀደምኳቸው። «አየሩ ደስ ይላል፣ እስኪ በቦዩ ዳር በእግራችን ወጣ እንበል» አልኩ። እናቴ አዩኝ። ምርኩዛቸውን አነሱ።

በአንሆር ቦይ ዳር ወረድን። ቦዩ ሞልቶ ይፈስሳል፤ የአኻያው ዛፍ ሥር ወጣቶች ተቃቅፈው ተቀምጠዋል፣ ልጆች በተከራዩት ብስክሌት በሰው መሀል ይሽሎከሎካሉ። አይስክሬም ገዛሁ፤ ሦስት አይስክሬም የድሮ ምሳ ዋጋ ሆኗል። ኢኖባት ዋጋውን ሰምተው «ተይው ልጄ፣ ጥርሴም አይችለው» አሉ። እውነታቸውን ነው፣ የታችኛው ረድፍ ተራግፏል፣ የላዩ ደግሞ በወርቅ የተለበጠ ነው። እየሄድን እጠይቃቸዋለሁ፤ እንደ ዘበት አስመስዬ። አባትዎ አንዲጃን ምን ሊሠራ መጣ? ቆስሎ፣ አሉ። በጦርነቱ ሁለተኛ የብርድ ወቅት የቁስለኛ ባቡር አንዲጃን አራገፈው። እናታቸው ሆስፒታሉ ውስጥ አንሶላ አጣቢ ነበሩ። ተዋወቁ፤ የሰፈሩ መስጊድ ሽማግሌ የጋብቻ ኒካቸውን አሰረላቸው። የአፕሪኮቱ ዛፍ ሲያብብ ድኖ ወደ ጦር ሜዳ ተመለሰ፤ እሳቸው ያኔ ሆድ ውስጥ ነበሩ። «ታሽኬንት ሰው የለውም ነበር?» አልኩ። «ታሽኬንት ነው አገሬ ብሏል። ሌላ ስለመናገሩ እናቴ አልነገረችኝም» አሉ። ከኋላችን የእናቴ ምርኩዝ አስፋልቱን መታ፣ መታ፣ ከዚያ ለጥቂት እርምጃ ድምፁ ጠፋ። ዞር ስል ቆመው ውሃውን ያያሉ።

እውነቱን ልናገር፣ ያሳሰበኝ ከዚህ በኋላ ቤቱ ብቻ አልነበረም። አያቴን፣ የእናቴን እናት፣ አውቃቸዋለሁ። ኤርጋሽ ሲሄድ የሃያ ዓመት ሴት ነበሩ። ባል መጥቶላቸዋል፤ አንዱ የዱቄት ወፍጮ የነበረው ነው። «ባለቤቴ ሲመጣ ምን ልለው ነው?» እያሉ መለሱ። አርባ ዘጠኝ ዓመት የግቢውን በር ማታ ማታ ሳይቀረቅሩ ኖረው ሞቱ። እና አሁን ይቺ ሴት የምትለው እውነት ከሆነ፣ ሰውየው አንድ ሌሊት የባቡር መንገድ ላይ ሆኖ፣ ድኖ፣ እየሳቀ፣ ሌላ ሴት አግብቶ ነበር። ደብዳቤ እንኳ አልጻፈም። ወይ ሴትዮዋ ውሸታም ናት፣ ወይ ኤርጋሽ ባለጌ ነበር። ከሁለቱ አንዱን ምረጪ ብባል ሴትዮዋ ውሸታም ብትሆን ይሻለኝ ነበር፣ ለዚያም ነው እንደዚያ የወጠርኳቸው።

ቶሂር ደወለ፤ ገና ደንበኛ አለው። ስለዚህ ታክሲ ይዤ ድሮ ከተማዋን ያፈረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ መታሰቢያ ጋ ወሰድኳቸው። ሙሽሮች ሞልተውታል። አንዷ ሙሽራ ቬሏን ሰብስባ፣ የተሰነጠቀው ድንጋይ ላይ ደገፍ ብላ በስልኳ ትጨቃጨቃለች፤ ፎቶ አንሺው ደግሞ «ፈገግ በይ፣ የኔ እመቤት፣ ሰዓቱ በገንዘብ ነው» ይላታል። እዚያም አንድ ወንበር ላይ ተቀመጥን። መታወቂያቸውን ለማየት ብዬ «እድሜዎ ስንት ነው፣ በወረቀት ላይ?» አልኳቸው። ሳይቆጡ መታወቂያቸውን አውጥተው ሰጡኝ፤ ከእናቴ በሁለት ዓመት ከምናምን ያንሳሉ። የአባት ስም ኤርጋሽ ይላል። ይበል፣ በኛ አገር ኤርጋሽ የሚባል ሰው በየመንደሩ አለ፣ ናዛሮቭም እንደዚያው። «ስሙን እዚህ እንዴት አገኙት?» «የልጅ ልጄ በስልኩ ፈልጎ። የአንዲጃኑ መጽሐፍ ላይ የለም፤ ከታሽኬንት ስለዘመተ ታሽኬንት ይሆናል አለኝ። እውነትም አለ። ይኸው ሦስተኛ ዓመቴ ነው፤ ስሙን ወልውዬ፣ ትንሽ ተቀምጬ፣ በማታው ባቡር እመለሳለሁ። ከተማውን ያሳየኝ ሰው ግን ዛሬ ገና አገኘሁ። እግዜር ይስጥሽ ልጄ።» ፊቴ ሲግል ተሰማኝ። ግን ደግሞ ብልጥ ሰው እንዲህም ያመሰግናል ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ ቲሙር አደባባይ። ድሮ እዚያ አሮጌ የቼናር ዛፎች ነበሩ፤ ከተቆረጡ ወዲህ ጥላ የለም፣ አበባው ብቻ ነው ያማረ። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፤ ከሁለቱ አሮጊቶች አንዳቸውም ደከመኝ አላሉም። ዋናውን ጥያቄ ጣልኩ። «አባትዎ ቤት ንብረት ነበረው ብለው ያውቃሉ? እዚህ፣ ታሽኬንት?»

«ምን ቤት?» አሉ ኢኖባት። ግንባራቸውን ቋጠሩ፤ ምን እየጠየቅኳቸው እንደዋልኩ ያኔ የገባቸው መሰለኝ። ቦርሳቸውን ወደ ሆዳቸው ሳብ አደረጉት። «ልጄ፣ ከአባቴ የቀረኝ አንድ ዳቦ ነው። ሲሄድ የገመጠው። እንጀራ አባቴ ሁለት ጊዜ ሊጥለው ነበር፤ እናቴ ከጣልከው አብሬው እወጣለሁ አለችው። እሱን ይዤ ነው የምመጣው፣ ስሙ ፊት ላይ አስቀምጠዋለሁ። ጠብቀንህ ነበር ለማለት ነው እንጂ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

እናቴ ከጠዋት ጀምረው ለመጀመሪያ ጊዜ ምርኩዛቸውን ከእጃቸው ለቀቁ። ዳቦው ምን ማለት እንደሆነ ማንም የኛ ሰው ያውቃል። ወደ ሩቅ የሚሄድ ሰው ከትኩስ ዳቦ አንድ ጊዜ ይገምጣል፤ የቀረው ተሰቅሎ ይቀመጣል፣ ሲመለስ ራሱ እንዲጨርሰው። የኤርጋሽ ዳቦ እናቴ ክፍል ውስጥ፣ ከሚስማር ላይ፣ በነጭ ጨርቅ ተጠቅሎ ሰባ ምናምን ዓመቱ ነው። እናቴ «ቤት እንሂድ» አሉ።

«እናቴ፣ ቶሂር እኮ...»

«ቶሂር አባቴን ያውቀዋል?» አሉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ። «ከጠዋት ጀምሮ እንግዳዬን ከወንበር ወንበር ታዞሪያለሽ። በዚህ ከተማ ያልተቀመጥንበት ድንጋይ አልቀረም። የሚያውቀን ሰው ቢያየን ቤታቸው ተቃጥሎባቸዋል ይላል። ቤት አለኝ፤ ሻይም አለኝ።»

ታክሲ ያዝን። ግቢያችን ስንደርስ ኢኖባት ደፉ ላይ ቆም ብለው ጣሪያውን የያዙትን የተቀረጹ እንጨቶች ቀና ብለው አዩ፣ የበሩን መቃን ዳሰስ አደረጉ። «ጥሩ ቤት ነው» አሉ። ጆሮዬ ቆመ። እንዲህ ያለውን ቃል ከሐብሐቡ ሰውዬም ሰምቼዋለሁ። ሻይ አፈላሁ፤ ጠዋት የገዛሁትን ዳቦና የወይን ዘቢብ አቀረብኩ፤ ሦስታችንም አልነካነውም። እናቴ ወንበር ላይ ቆመው ከሚስማሩ ሊያወርዱት ሲሞክሩ አስቀምጬያቸው እኔ አወረድኩት። ጨርቁን ዝቅተኛዋ ጠረጴዛ ላይ ፈቱት። ኢኖባትም ከቦርሳቸው የከረሜላ ቆርቆሮ አወጡ፣ ክዳኑን በጥፍራቸው አነሱት።

የኛው ስንዴ ነው፣ ነጭ ነበር፣ አሁን እንደ ሸክላ ደርቋል። የሳቸው ጥቁርና ሻካራ ነው፣ የጦርነት ጊዜ ዳቦ፣ ማሽላና በቆሎ የበዛበት። ጎን ለጎን ተቀመጡ። ንክሻው በሁለቱም ላይ ጥርት ብሎ ይታያል። ኤርጋሽን ልጅ ሳለ ፈረስ ረግጦት የላይኛው የፊት ጥርሱ ወልቋል። እኛ ቤት ያደገ ልጅ ሁሉ ዳቦው ላይ ባለችው ጉብታ፣ ጥርሱ በጎደለበት በኩል ሳትቆረጥ በቀረችው፣ በጣቱ ተጫውቶ ተገሥጿል። ሴት አያቴ «ሲስቅ በዚያ በኩል ምላሱ ትታይ ነበር» ይሉን ነበር። ወደ ጥቁሩ ዳቦ ጎንበስ አልኩ። የላይኞቹ የፊት ጥርሶች ሙሉ ናቸው፤ አንድም ጉድለት የለም። ይሄ ሌላ ሰው ነው። የኛው ጥርሱን ካጣ በኋላ ነው የዘመተው፣ ይሄኛው ከዚያ ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ሙሉ ጥርስ አለው፤ የትልቅ ሰው ጥርስ ደግሞ ከወለቀ መልሶ አይበቅልም። ያዝኳት አልኩ በሆዴ። ደስ አለኝ፤ ለሴት አያቴ፣ ለቤቱ፣ ለሁላችንም። ሰውየው አልከዳም። እንዲያው እንደሄደ ሞቷል።

ቀና ስል እናቴ እያዩኝ ነው። ያንን ንክሻ ከኔ ይልቅ እሳቸው ያውቁታል፤ እድሜያቸውን ሙሉ ሌላ የአባት ፊት አላዩም። ኢኖባትም መነጽራቸውን አውልቀው፣ በጣታቸው አንዱን ዳብሰው ሌላውን ዳበሱ። ከዚያ ቆርቆሮውን ሳቡ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እትዬ» አሉ። «ስም ብዙ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ የሰው አባት ስወለውል ኖሬያለሁ። ባቡሬም ይደርሳል፣ ልነሳ።» ግን አልተነሱም፤ ክዳኑን ከቆርቆሮው ጋር ለማገጣጠም ይታገላሉ። ከዚህ ወጥተው የት ነው የሚሄዱት? የአንዲጃኑ መጽሐፍ ላይ አባታቸው የለም። የታሽኬንቱ ላይም የለም። ስም የሌለው አባት ይዘው ነው ወደ ባቡሩ የሚሄዱት።

እናቴ ክዳኑን ከእጃቸው ወሰዱትና ወዲያ አስቀመጡት። ወደኔ ዞሩ። «ማውሉዳ፣ አንቺ የሙያው ሰው ነሽ» አሉ። «ያኔ በጦርነቱ ጊዜ፣ ሆስፒታል የተኛ ወታደር ጥርስ ከሌለው፣ ይተክሉለት ነበር አይደል?»

ለቁስል መስፊያ ክር እንኳ የጠፋበት ዘመን ነው። ለጄኔራል ካልሆነ በቀር ለተራ ወታደር ጥርስ ብሎ የሚጨነቅ አልነበረም፤ አስተማሪዬ በዚያ ጦርነት ያገለገለ ሰው ነው፣ ደጋግሞ ነግሮናል። እናቴ ይህን አያውቁትም ብዬ ራሴን ላታልል አልችልም። ዓይናቸው ደረቅ ነው፣ አጥብቀው ያዩኛል። በሃምሳ ሁለት ዓመቴ እናቴ ከኔ የለመኑት ነገር ትዝ አይለኝም፤ ሲታመሙ እንኳ ውሃ አምጪልኝ አይሉም። አሁን ግን እየለመኑኝ ነው። እኔ ክህደት ያልኩት ለሳቸው ሌላ ነው። አባታቸው አንድ የብርድ ወቅት ጨምሮ ኖረ ማለት ነው፤ ሞቀው፣ ሴት አጠበችለት፣ ትኩስ ዳቦ በላ ማለት ነው። እህት አላቸው ማለት ነው። የእናታቸውን አርባ ዘጠኝ ዓመት ለዚህ ሊከፍሉ ቆርጠዋል፤ ተናደድኩባቸው፣ አሁንም ሳስበው ያናድደኛል። ቤቱም ትዝ አለኝ፤ ወራሽ ከአንድ ሁለት ሲሆን ምን እንደሚመጣም ታየኝ።

«አዎ» አልኩ። «ይተክሉ ነበር። አንዲጃን ደግሞ ጥሩ ሐኪም ነበር ይባላል።»

ኢኖባት ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። እናቴ ሁለቱን ዳቦዎች አንድ ላይ አድርገው በነጩ ጨርቅ ጠቀለሉና፣ ሻይ ቀዱላቸው። እስካሁን አንቱ ሲሏቸው የዋሉትን ሴት፣ «ጠጪ፣ ይቀዘቅዝብሻል» አሏቸው።

የመኪና በር ውጭ ተዘጋ፤ ቶሂር ቁልፉን እያንቀጫቀጨ ግቢውን አቋርጦ ደፉ ላይ ቆመ። ሁለቱን አሮጊቶች አየ፣ ቆርቆሮውን አየ፣ ከዚያ ወደኔ ዞሮ በሹክሹክታ፣ «እሺ፣ አጣራሽ?» አለኝ።

«አጣርቻለሁ» አልኩት። «ጫማህን አውልቅና አክስትህን ሰላም በል።»